የጣልነው ወዴት ይሄዳል?

ለንባብ የተመረጠው ክፍል፤ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6፣ ከቍጥር 1 እስከ 13።



በተነበበው የወንጌል ክፍል አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ለአምስት ሺህ ወንዶች እንደ በቃ ሰምተናል። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ለልጆቻችን እንነግራቸዋለን። ነገር ግን ከተአምራቱ በኋላ የተሰጠውን ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ቸኩለን እናልፈዋለን። ሕዝቡ በልቶ ከጠገበ በኋላ ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ በሣሩ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ እንዲሰበስቡ አዘዛቸው፤ ምክንያቱንም ሲገልጥላቸው፣ ከተረፈው ምንም ሊባክን እንደማይገባ ነገራቸው። እነርሱም ሰብስበው ዐሥራ ሁለት መሶብ ሞሉ።

እንግዲህ እናስተውል። ጥቂቱን እንጀራ ለብዙዎች ያበዛ ጌታ ስለ ፍርፋሪ ለምን ይጠነቀቃል? በማግሥቱ ቢራቡ እንደ ገና ማብዛት ይሳነው ነበርን? እርሱ ግን ጥጋብን ከሰጠ በኋላ ሜዳውን ሳያስጠርግ አልሄደም። ዛሬ ልንናገር የወደድነው ስለዚህ ነገር ነው፤ ይኸውም ከጠገብን በኋላ ስለምንጥለው፣ የጣልነውም ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ይህን ቃል አዲስ ሆኖ እንድንሰማው ያደረገን አንድ ያሳፈረን ነገር ነው። እኛ በናይሮቢ መሃል ከተማ በተከራየነው አዳራሽ የምንሰበሰብ አነስተኛ የኢትዮጵያውያን ጉባኤ ነን። ባለፈው የልደት በዓል ምእመናን ሁሉ በአንድነት በላን፣ ጠጣን፣ ዘመርን። ሳህኑ አንድ ጊዜ በልተው የሚጥሉት፣ ኩባያው አንድ ጊዜ ጠጥተው የሚጥሉት፣ ውኃውም በፕላስቲክ ጠርሙስ ነበረ። በመጨረሻም ጥራጊው በአራት ጆንያ ታጭቆ በደጃፉ ቆመ። በመንገድ ሲያልፍ የነበረ አንድ ባለ ጋሪ ጠርተን ጥቂት ሽልንግ ሰጠነው፤ እርሱም ጭኖ ሄደ። ወዴት እንደሚወስደው የጠየቀ ከእኛ መካከል አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ከእናቶቻችን አንዲቱ የናይሮቢን ወንዝ በድልድይ ሲሻገሩ በዳርቻው ላይ አዲስ የተደፋ ክምር አዩ። በክምሩም መካከል የጉባኤያችን ስም የታተመበት የመዝሙር ወረቀት ነበረ። እርሳቸውም ወርደው አንሥተው፣ ጭቃውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው አመጡልንና፣ «ቄስ፣ ይህ የእኛ አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁን። እኛም፣ «እማማ፣ እኛ እዚያ አልጣልነውም፤ ባለ ጋሪው ነው» አልን። እርሳቸውም በቀስታ፣ «ባለ ጋሪውንስ የላከው ማን ነው?» አሉን። ለዚህ መልስ አልነበረንም። በዚያ ወረቀት በአንድ ገጹ የእግዚአብሔር ምስጋና ታትሞ ነበር፤ በሌላው ገጹ የወንዙ ጭቃ ነበረበት።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በጌታ ፊት እንመርምር።

አንደኛ፤ ስጦታው የማን እንደ ሆነ እንወቅ።

ናይሮቢ የሚለው ስም ከማሳይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ቀዝቃዛ ውኃ ማለት ነው። የባቡር ሐዲድ ሠሪዎች በ1899 ዓ.ም. (በዚህ ስብከት የምንጠቅሰው ዓመት፣ ካልተናገርን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በረግረጉ ዳር ሰፈራቸውን ሳይተክሉ አስቀድሞ፣ ማሳዮች ከብቶቻቸውን በዚያ ያጠጡ ነበር። ወንዙ የሚነሣው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ ኦንዲሪ ከሚባለው ረግረግ ነው። እንግዲህ ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከንጉሥ ወይም ከጦር አለቃ አይደለም፤ እግዚአብሔር ካፈሰሰው ንጹሕ ውኃ ነው። ዛሬ ግን በመሃል ከተማ በድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ያንን ስም ለማመን ይቸግረዋል። የከተማዋ ስም በከተማዋ ላይ ምስክር ሆኖ ቆሟል።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቍጥር 15 እንደ ተጻፈ፣ እግዚአብሔር ሰውን በገነት ሲያኖረው ሁለት አደራ ሰጠው፤ መሬቱን እንዲያለማና እንዲጠብቀው ነው። አንዱን አደራ ይዘን ሌላውን ጥለናል። እናርሳለን፣ እንነግዳለን፣ እንሠራለን፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ጠባቂዎች መሆናችንን ረስተን ባለቤቶች እንደ ሆንን እንመላለሳለን። ባለቤት የሚጠይቀው የለም፤ አደራ ጠባቂ ግን ሒሳብ የሚያስረክብበት ቀን አለው።

ሁለተኛ፤ የጣልነው ወደ ባልንጀራችን ደጅ ይወርዳል።

ቆሻሻን ስንጥል «ወዲያ ጣለው» እንላለን። ይህ «ወዲያ» የሚባለው ስፍራ የት ነው? የናይሮቢን ወንዝ ተከትለን እንውረድ። ወንዙ ከመሃል ከተማ ወጥቶ በጊኮምባ ገበያ አጠገብ ያልፋል፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ሄዶ ዳንዶራ በተባለው ታላቅ የቆሻሻ መጣያ ሥር ይፈስሳል። ቀጥሎ ከአቲ ወንዝ ጋር ይገናኛል። አቲም እየወረደ ስሙ ጋላና፣ በኋላም ሳባኪ ይሆንና፣ ከማሊንዲ ከተማ በስተ ሰሜን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። በመንገዱ ሁሉ ከብት ያጠጡበታል፣ አትክልት ያለሙበታል፣ ልብስ ያጥቡበታል። በመጨረሻም በባሕሩ ዳር መረቡን የሚጥል ዓሣ አጥማጅ አለ። ስለዚህ የእኛ «ወዲያ» የእርሱ «ወዲህ» ነው። ወዲያ የሚባል ባዶ ስፍራ በእግዚአብሔር ምድር ላይ የለም፤ ወዲያ የምንለው ሁሉ የሌላ ሰው ደጅ ነው።

ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚያው በናይሮቢ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በዳንዶራ አካባቢ የሚኖሩ 328 ልጆች ተመርምረው፣ ግማሽ ያህሉ በደማቸው ውስጥ ያለው እርሳስ በዚያን ጊዜ ከሚፈቀደው መጠን ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህ ልጆች ባትሪውን አልሸጡም፣ ቀለሙንም አልቀቡም። ኀጢአታቸው እኛ በጣልንበት ስፍራ መወለዳቸው ብቻ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ይህን የሌላ አገር ወሬ አድርገን ልንሰማው አንችልም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከመቶ በላይ የሆኑ ሰዎችን ከነቤታቸው ቀብሯል። ተራራውን የሠሩት ከሥሩ የሚኖሩት አልነበሩም። የከተማው ሕዝብ ሁሉ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሠራው ነበር። ከእኛ ማንም፣ «ሰው ገደልሁ» ብሎ በዚያ ሌሊት አልተጨነቀም፤ የእያንዳንዳችን ድርሻ አንዲት ፌስታል ነበረችና።

«እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይላል የአገራችን ሰው። ይህን ስንሰማ በአህያይቱ እንስቃለን። ነገር ግን ለዛሬ ምቾቱ ሲል የነገውን ሣርና ውኃ የሚያጠፋ ክርስቲያን በምን ይሻላታል?

ነጋዴዎችና ባለ ሙያዎች ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ቃል አለን። ከምእመናኖቻችን አንዱ ከወንዙ አጠገብ በሚገኘው በኪሪንያጋ መንገድ አካባቢ ጋራዥ አለው። የመዝሙሩ ወረቀት ታሪክ በጉባኤ በተነገረ ጊዜ ወደ ቤታችን መጥቶ እንዲህ አለን፤ «ቄስ፣ እኔም ከመኪና የማወጣውን የተቃጠለ ዘይት ስንት ዓመት በቦዩ ሳፈስሰው ኖርሁ። አሁን በበርሜል ባጠራቅመው፣ ከግራም ከቀኝም ያሉት መድፋታቸውን አይተዉም። ወንዙ በእኔ አንድ በርሜል ይጠራል እንዴ? የማስወሰጃውን ወጪ በዋጋዬ ላይ ብጨምር ደግሞ ደንበኛዬ ወደ እነርሱ ይሄዳል። ልጆች አሉኝ። ምን ላድርግ ይሉኛል?»

ይህ የሰነፍ ጥያቄ አይደለም፤ እንጀራውን በላቡ የሚበላ ሰው ጥያቄ ነው። ወዲያው ልንመልስለትም አልቻልንም። ጥቂት ቀን ካሰብን በኋላ በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 11 መጀመሪያ ላይ እግዚአብሔር ሐሰተኛ ሚዛንን እንደሚጸየፍ የተጻፈውን አብረን አነበብን። ሐሰተኛ ሚዛን ምንድን ነው? ሻጩ ሊሸከመው የሚገባውን ክብደት በስውር በሌላው ላይ የሚጭን ሚዛን ነው። እንግዲህ ዘይቱን ወደ ወንዝ አፍስሶ በርካሽ የሚሠራ ጋራዥ ዋጋው በእውነት ርካሽ አይደለም፤ የጎደለውን የሚከፍለው ከታች ውኃ የሚቀዳው ሰው ነው። እኛም ለባለ ጋሪው ስንከፍል ሚዛናችን ሐሰተኛ ነበረ። በኋላ ፈልገን ባገኘነውና በጠየቅነው ጊዜ፣ «ከዓይናችሁ እንዳርቀው ከፈላችሁኝ እንጂ፣ እስከ መጣያው የሚያደርስ አልከፈላችሁኝም» ብሎ መለሰልን። እውነቱን ነበር። ይቅርታ የጠየቅነው እኛ ነን።

ሦስተኛ፤ ሕግ እጅን ይይዛል፣ ወንጌል ልብን ይመልሳል።

የኬንያ መንግሥት ከነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የገበያ ፌስታልን መሥራት፣ መሸጥና መያዝ ከለከለ። ከዚያ በፊት የተደረጉት ሙከራዎች ሳይሰምሩ ቀርተው ነበር። ይህ ሕግ ግን ጽኑ ነበረ፤ ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል። ከሕጉ በፊት በአገሪቱ ታላላቅ መደብሮች ብቻ በየዓመቱ 100 ሚሊዮን ያህል ፌስታል ይታደል እንደ ነበር ይገመታል፤ በቄራም ከታረዱት ከብቶች ሆድ ፌስታል ይወጣ ነበር። ዛሬ በናይሮቢ ገበያ የሚወጡ ሰዎች ከቃጫ የተሠራውን ኪዮንዶ ወይም የጨርቅ ከረጢት ይዘው ይታያሉ። እናቶቻችን በዘንቢል ይገበዩ የነበሩበት ዘመን ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ሕግ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። አባቶቻችን እንዳስተማሩን፣ ክፋትን በቅጣት የሚገታ መንግሥት የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው እስከ እጅ ድረስ ነው። ፌስታሉን ከእጃችን ወሰደ፤ ልባችንን ግን ሊወስድ አልቻለም። ለዚህም ምስክሮቹ እኛው ራሳችን ነን፤ ፌስታል በተከለከለበት ከተማ፣ በሕግ ባልተከለከለው ሳህንና ጠርሙስ ወንዙን አቆሽሸናልና። ሕግ ያልደረሰበትን ቀዳዳ ፈልጎ የሚያገኝ ልብ በቅጣት አይድንም። ሊድን የሚችለው በምሕረት ብቻ ነው።

ምሕረቱስ ወዴት ነው? ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት በምዕራፍ 13 ይነግረናል። በብሉይ ኪዳን ሥርዓት ለኀጢአት የታረደው እንስሳ ሥጋ ከሰፈር ውጭ ይቃጠል ነበር፤ ጌታችን ኢየሱስም ከከተማው በር ውጭ ወጥቶ መከራን ተቀበለ። ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ይህ ቃል በልባችን ይደር። ሰዎች ሊያዩት የማይወዱትን ሁሉ ወደሚያወጡበት ወደዚያ ስፍራ ጌታችንም ተጣለ። እኛ «ወዲያ» ባልነው ስፍራ እርሱ ቆሞ አገኘነው። የተጣለውን ያነሣል፣ የጠፋውን ይፈልጋል፣ የቆሸሸውን ያነጻል። ከአምስት ሺህ ሰዎች ማዕድ የቀረ ፍርፋሪ እንዲጠፋ ያልወደደ ጌታ፣ የእኛ ነፍስ እንድትጠፋ አልወደደም፤ በዳንዶራና በቆሼ የሚኖሩትም ሕፃናት እንዲጠፉ አይወድም።

ይህን ምሕረት የተቀበለ ሰው ሌሎች እስኪመለሱ አይጠብቅም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ፣ የኢያሪኮ ቀራጮች ሁሉ አስቀድመው ንስሐ ይግቡ አላለም። በዚያው ቀን ሒሳቡን ከፈተ፤ የበደላቸውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ። ድነት ወደ ቤቱ የገባው ከተማው ሁሉ ከተለወጠ በኋላ አልነበረም።

በዚያች በናይሮቢ አንዲት ሴት የአንድ ሰው ሥራ ምን እንደ ሆነ ለሁላችን አሳይተዋል። ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ሰኔ 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ሆነው ከመሃል ከተማ በሰልፍ ወደ ካሙኩንጂ ሄደው ሰባት ዛፎች ተከሉ። ከሰባቱም አብዛኞቹ አልጸደቁም። እርሳቸው ግን አልተዉም፤ በገጠር ያሉ ሴቶችን ችግኝ ማፍላት አስተማሩ፣ ለጸደቀችውም ለእያንዳንዷ ጥቂት ሳንቲም ይከፈላቸው ጀመር። በ2004 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ የተተከለው ዛፍ ከ30 ሚሊዮን አልፎ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በመሃል ከተማ ባለው በኡሁሩ መናፈሻ ውስጥ ባለ 60 ፎቅ ሕንጻ ሊሠራ በታቀደ ጊዜ፣ እኒህ ሴት ወረቀትና ብዕር ይዘው ለባለ ሥልጣኖች ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር። በምክር ቤት ተዘበተባቸው፤ መሥሪያ ቤታቸውንም እንዲለቁ ተደረገ። ሕንጻው ግን አልተሠራም፤ ድኻው ሕዝብ በሰንበት የሚያርፍበት ሣር ለሕዝቡ ቀረ። በ2011 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ የሽኝታቸው ሥርዓት የተፈጸመው በዚያው መናፈሻ ነበረ። ለሣጥናቸው ዛፍ እንዳይቆረጥ አስቀድመው አሳስበው ስለ ነበረ፣ ሣጥኑ ከቀርከሃ፣ ከደንገልና ከእንቦጭ ተሠራ። እንቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ የምናውቀው፣ ማንም የማይፈልገው አረም ነው። እኒህ ሴት የተጣለውን ነገር እስከ መጨረሻው ቀናቸው ሰበሰቡ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከቤታችን እንጀምር። ወደ ገበያ ስንወጣ ዘንቢል እንያዝ። የማንበላውን አንሥራ፤ የተረፈውን ለተራበ እናካፍል። ሠርግና ተዝካር፣ የጉባኤ ማዕድም ሲኖረን፣ ታጥቦ ተመልሶ በሚያገለግል ሳህን እንብላ። ባለ ሆቴሉ፣ ባለ ጋራዡ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሕንጻ ሠሪው፣ እያንዳንዱ በወሩ መጨረሻ ሒሳቡን ሲዘጋ፣ «ከሥራዬ የወጣው ጥራጊ ወዴት ሄደ? ማንስ ተሸከመልኝ?» ብሎ በመዝገቡ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምር። ጥራጊውን የሚወስድለት ሰው የት እንደሚደፋው ይጠይቅ፤ እስከዚያ ለመድረስ የሚበቃውንም ይክፈል።

እኛ ያደረግነው ጥቂት ነው። ያ ወረቀት በመጣ በማግሥቱ ስምንት ሆነን ወደ ወንዙ ወረድን። ከአዳራሻችን የወጣው አራት ጆንያ ነበረ፤ የሰበሰብነው ግን ዘጠኝ ሆነ፤ የእኛን ከሌላው ለይተን ማንሣት አልቻልንምና። በገንዘብ ያዡ ፈቃድም የብረት ሳህንና ኩባያ ገዛን፤ በትንሣኤ በዓል ሽማግሌዎቹ አስቀድመው እጃቸውን ጠቅልለው አጠቡ። ባለ ጋራዡ ወንድማችንም በርሜሉን አቁሟል። ደንበኞቹ ጥቂት ቀንሰውበታል፤ ከጎረቤቶቹም እስከ ዛሬ የተከተለው የለም። ወንዙም ገና አልጠራም። እርሱ ግን በቅርቡ፣ «ቄስ፣ ቢያንስ ማታ ስጸልይ ከድልድዩ በታች ያሉትን ሰዎች ስም ስጠራ አላፍርም» ብሎናል። ከሰባት ዛፎች ጥቂቶቹ ብቻ የጸደቁበትን ያንን ቀን አስታወስነው። የምናጸድቀው እኛ አይደለንም፤ የሚያጸድቅ እግዚአብሔር ነው። የእኛ ፈንታ መትከልና መሰብሰብ ነው።

እንጸልይ።

የሰማይና የምድር ፈጣሪ የሆንህ አምላካችን ሆይ፤ ንጹሕ ውኃ ሰጠኸን፣ እኛ ግን አቆሸሽነው። ለባልንጀራችን ደጅ ሳንራራ ጥለን ሄድን። ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ ይቅር በለን። በቆሻሻ ክምር ሥር የሚኖሩትን ሕፃናት ጠብቅ፤ በወንዙ ዳር ያሉትን አስብ። በሱቃችን፣ በጋራዣችንና በማእድ ቤታችን እውነተኛ ሚዛን ስጠን። ብቻችንን በቆምን ጊዜ አበርታን፤ ፍርፋሪውንም እንድንሰበስብ ዝቅ የሚል ልብ ስጠን። አሜን።